ማን ልበል?

የአዳማ ነፋስ ማንኳኳት አያውቅም፤
አቧራውን አዝሎ፣ ቆርቆሮ እያስጮኸ፣ «ልግባ ወይ?» አይልም።
ጋሽ ቱፋ ግን ወጉን ያውቃል፤
ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ጥላ ነገር ቢያይ «ማን ልበል?» ይላል።

ሃያ ሁለት ዓመት የውሃውን ግቢ
የጠበቀ ነው፣ አንድ ቧንቧ ሳይወጣ፤
ሥራ አስኪያጁን እንኳ
መታወቂያ ረስቶ በሌሊት ቢመጣ
ከነመኪናው አቁሞ
«ፊትዎን አውቃለሁ፤ ወረቀቱን ግን አላየሁም» ያለ፣ መብራቱ ፊት ቆሞ።

እኔ ከፎቁ ነኝ፤ ሹራብ ደርቤ
ቁጥር እጠብቃለሁ፤
አዋሽ የሰጠንን፣ ጭቃው የጠለለ፣ ስንት እንደ ደረሰ
ከስክሪን አያለሁ።
ፓምፕ አንድ፣ ፓምፕ ሁለት፣ የክሎሪን ልኬት፤
አንዲት ጣቴ ብትስት
የምትነካው የስንቱን አንጀት!

ሌባው በበር አልመጣም።
ዱላና ባትሪው፣ አጥርና ሽቦው፣ አንዱም አላገኘውም።
ማክሰኞ ከቀትር
መቅደላዊት ብቻዋን ሂሳብ ክፍል ተቀምጣ፣
«ያልተከፈለ ደረሰኝ» የሚል ኢሜይል መጣ፤
ማኅተሙ ያማረ፣ አማርኛው የጠራ፣
እንደ ጎረቤት ሰው በስሟ የሚጣራ።
አንድ ጊዜ ነካችው።
ምንም አልተከፈተም፤ የቀዘቀዘ ሻይዋን ጨለጠችው።

በዚያች ንክኪ ገባ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳያስል፣ ሳይበላ፣
አብሮን ሰነበተ የሌለው ጥላ፤
የማን ቁልፍ የት እንደሚሰቀል፣
ማን እንደሚያንቀላፋ፣ ማን ቀድሞ እንደሚነቃ፣
ሁላችን የተጋራናትን አንዲት የይለፍ ቃል፣
«አዳማ አንድ ሁለት ሦስት»ን፣ ሸመደዳት በቃ።

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት
ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ተነሣች።
እጄ ጭኔ ላይ ነው።
አልቸኮለችም፤ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው
ክፍል ለክፍል ሄዳ የክሎሪኑን ሣጥን ከፈተች፤
ከአንዱ ጎን ዜሮ አስቀመጠች።
ደወሉ ዝም። አፉን ቀድሞ አስሮታል።
ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ በሞላበት ቤት ሰው እንዲህ ይጠማል?

ኬብሉን ነቀልኩት፣ ከነመሰኪያው፤
ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ።
«ማን ልበል?»
«ሊሊሴ ነኝ፣ ጋሼ! ሌባ ገብቷል!» አልኩ።
«በየት?»
«በሽቦው።»
ባትሪውን አበራ፤ ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ አየው።
አልሳቀም። ዱላውን ጥሎ መፍቻ አነሣ።
ለካ ኮምፒውተር ሳይመጣ
የዚህ ቤት መዘውር በእሱ እጅ ነበር የሚዞረው፤
የቱ እንደሚጠብቅ፣ የቱ እንደሚላላ መዳፉ አልረሳው።
ለሁለት አዞርነው፤
የዛገው ብረት ጮኸ፣ ነፋሱም ጮኸ፣
እኔም ሳልጮኽ አልቀረሁም።

ነጋ።
ደንበላ ላይ አንዱ ባጃጁን ያጥባል፤
ገንደ ሀራ ያለች እናት «ዛሬ ደግሞ ውሃው ዘገየ!» ብላ
ደውላ ሰደበችኝ።
እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ባለሙያው ቦንሳ ከአዲስ አበባ መጣ፤
ጋሽ ቱፋ በር ላይ ሩብ ሰዓት አቆመው።
ከገባ በኋላ ለአንድ በር ሁለት ቁልፍ አደረገ፤
የቢሮውን መረብ ከፓምፑ መረብ ለየው።
መቅደላዊት አለቀሰች፤ «ማን ነገረኝ?» አለች።
እውነቷን ነው።
ለብረቱ በር ዘበኛ ቀጥረን
ለእሷ የግማሽ ቀን ሥልጠና ነፍገናት ኖሯል።

ጋሽ ቱፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቅ ወጣ፤
ስክሪኑን ከኋላው ሳይቀር ዞሮ አየና
«ይሄ ማሽን፣» አለኝ፣ «ሰው ሲገባ ማን ልበል አይልም?»
«አይልም ነበር፣ ጋሼ።»

ዛሬ ይላል። እኔም እላለሁ፤
ለደረሰኙ፣ ለአለቃዬ ስም፣
ለማውቀው ፊት ሁሉ።
ትናንት ማታ እጄን ጭኔ ላይ አኑሬ
ቀስቷን እያየኋት
በሩን ነፋስ ገፋው።
«ማን ልበል?» አልኩት።